በአንድ ዓርብ የወጡ ሦስት ፊልሞች

ባለፈው ዓመት በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ያለ አንድ ወንድም አጭር ድራማ ጻፈ። ጓደኞቹን አስተባበረ፤ ሦስት ቅዳሜ ተለማመዱ፤ በአንዱ ልጅ ስልክ ቀርጸው ዩቲዩብ ላይ ጫኑት። በሳምንቱ በር ላይ ሳገኘው ከሰላምታ ቀጥዬ የጠየቅሁት «ስንት ሰው አየው?» ብዬ ነበር። «183 ሰው ነው ጋሼ» አለኝና አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት አንድ ገጽ እንኳ አልጻፈም።

ክፉ አስቤ አልነበረም የጠየቅሁት። ነገር ግን ስለ ምን እንደ ጻፈ ሳልጠይቀው ቁጥሩን መጠየቄ ሲቆጨኝ ከረመ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያ ቁጭት ነው። ሥራን በተመልካች ብዛት መመዘን ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የፊልምን ታሪክ ሳገላብጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ የሆነ አንድ ነገር አገኘሁ። እስቲ አብረን እንየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትኬት መሸጫው መስኮት

በአሜሪካ በጋ የሚሆነው እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ወጣቱ ጊዜ ያገኛል። ዛሬ ትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ዋና ዋና ሥራዎቻቸውን ለዚህ ወቅት ያቆያሉ። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። አንድ ትልቅ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በጥቂት ታላላቅ ከተሞች ይታይና፣ ቆይቶ ወደ ትናንሾቹ ከተሞች ይዘልቃል። ፊልሙን የሚያሳድገው ያየው ሰው ለጎረቤቱ የሚያወራው ወሬ ነበር።

ይህን ልማድ ከቀየሩት አንዱ «ጆውስ» የተባለው የሻርክ ፊልም ነው። ዩኒቨርሳል የተባለው ኩባንያ ማስታወቂያውን በቴሌቪዥን ደጋግሞ ካስነገረ በኋላ፣ ጁን 20 ቀን 1975 ፊልሙን ከ400 በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ቀን አወጣው። ሕዝቡ ጎረፈ፤ ፊልሙም እስከዚያ ጊዜ ከታዩት ሁሉ የሚበልጥ ገቢ አስገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ «ስታር ዋርስ» በለጠው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፣ ማለትም ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ የአንድ ፊልም ዕድል የሚወሰንባቸው ቀናት ተደርገው መታየት ጀመሩ።

«ቦክስ ኦፊስ» የሚለው ቃል ራሱ ትኬት የሚሸጥበትን መስኮት ማለት ነው። ኋላ ላይ በመስኮቱ ለገባው ገንዘብ ድምር መጠሪያ ሆነ። ይህን ድምር ለብዙ ዘመን በጥንቃቄ ይከታተሉ የነበሩት የሙያው ሰዎች ነበሩ። በ1981 «ኢንተርቴይንመንት ቱናይት» የተባለ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሲጀመር ግን የሳምንቱ ገቢ በየቤቱ ይሰማ ጀመር። ተራው ተመልካችም «ማን አንደኛ ወጣ?» ማለትን ለመደ።

የ1982 ጁን

በዚህ ጊዜ ነው የ1982 በጋ የገባው። ጁን 4 ቀን «ስታር ትሬክ 2» ወጣና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ይህም በወቅቱ አዲስ ክብረ ወሰን ነበር።

በሳምንቱ፣ ጁን 11 ቀን፣ የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ተከተለ። ከሌላ ዓለም የመጣ አንድ ፍጡር ጓደኞቹ ትተውት ሲሄዱ፣ አንድ ልጅ በቤቱ ደብቆ የሚያኖርበት ታሪክ ነው። በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራው ይህ ፊልም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 11.8 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። በዚያ ሚዛን ከ«ስታር ትሬክ 2» ያነሰ ነበር። በተከታዮቹ ሳምንታት ግን፣ የሌሎች ፊልሞች ገቢ እየቀነሰ ሲሄድ፣ የእርሱ ጨመረ። ልጆች ወላጆቻቸውን፣ ወላጆችም ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ተመለሱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ሆነ። ክብረ ወሰን የሰበረው «ስታር ትሬክ 2» በአሜሪካ 79 ሚሊዮን ዶላር ያህል ላይ ሲቆም፣ «ኢ.ቲ.» በመጀመሪያው ዙር ብቻ 359 ሚሊዮን ደረሰ። በዓለም ዙሪያ ባስገባው ድምርም እስከ 1993 ድረስ የሚበልጠው አልተገኘም፤ በዚያ ዓመት የበለጠውም የዚያው የስፒልበርግ «ጁራሲክ ፓርክ» ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጥያቄው የገንዘብ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ የመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻውን አልተናገረም።

ጁን 25

«ኢ.ቲ.» ከወጣ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ጁን 25 ቀን (በእኛ ሰኔ 18 ቀን 1974 ዓ.ም.)፣ ሦስት ፊልሞች በአንድ ቀን ወጡ። ሦስቱም ከሰሩ።

የመጀመሪያው የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ራነር» ነው። ዝናብ በማያባራባት የወደፊቷ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በሰው እጅ የተሠሩና ሰው የሚመስሉ፣ አራት ዓመት ብቻ እንዲኖሩ የተደረጉ ፍጡራን ተጨማሪ ዕድሜ ፍለጋ ይመጣሉ። ፊልሙ «ሰውን ሰው የሚያሰኘው ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መነሻ የሆነውን ልብ ወለድ የጻፈው ፊሊፕ ኬ. ዲክ በዚያው ዓመት በማርች ስላረፈ ያለቀውን ፊልም ሳያየው ቀርቷል። ፊልሙ ለሙከራ ሲታይ ተመልካቾች ግራ ስለ ተጋቡ፣ አዘጋጆቹ የተራኪ ድምፅና ደስ የሚል መጨረሻ ጨመሩበት። ያም አላዳነውም። 28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያስገባው 6 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር።

ሁለተኛው የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» ነው። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ባለ የምርምር ጣቢያ፣ የሰውን መልክ መውሰድ የሚችል ፍጡር ይገባል። ማን ሰው እንደ ሆነ፣ ማን እንዳልሆነ አይታወቅም። ወዳጅ ወዳጁን መጠርጠር ይጀምራል። የሚገርመው፣ ይህን ፊልም ያወጣው «ኢ.ቲ.»ን ያወጣው ያው ዩኒቨርሳል ነው። 15 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ በአሜሪካ ከ19 ሚሊዮን ጥቂት የበለጠ አስገባ። ይህ ትርፍ እንዳይመስላችሁ። ከትኬቱ ገንዘብ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ይወስዳል፤ የማስታወቂያው ወጪም ለብቻው ነው። ሐያስያንም ክፉኛ አብጠለጠሉት። ካርፔንተር ሊሠራው የነበረው ቀጣዩ ፊልም ከእጁ ወጣ።

ሦስተኛው «ሜጋፎርስ» ነው። በሚበርሩ ሞተር ብስክሌቶች የሚዋጉ ወታደሮች ታሪክ ሲሆን፣ 20 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት 6 ሚሊዮን እንኳ አላስገባም።

ለምን ከሰሩ? አንዱ ምክንያት ጊዜው ነው። አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች፤ በዓመቱ መጨረሻ ሥራ አጥነት ከ10 በመቶ አልፏል። የከፋው ሰው በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ጨለማ ለማየት ብዙም አይከፍልም። ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ ማየት የፈለገ ሁሉ ደግሞ አቅፎ የሚያለቅስለትን «ኢ.ቲ.»ን አግኝቷል፤ ሰው የሚበላውን ምን ያደርግለታል? በዚያ ሰኞ የገቢውን ሠንጠረዥ የተመለከተ ሰው ሦስቱንም ፊልሞች በአንድ መዝገብ «የከሰሩ» ብሎ ቢጽፋቸው አልተሳሳተም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ያ ቁጥር አሸናፊዎቹንም አሳስቷል። በዚያው በጋ አታሪ የተባለው የቪዲዮ ጌም ኩባንያ የ«ኢ.ቲ.»ን ስም ለመጠቀም ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ከፈለ ይነገራል። ስምምነቱ ያለቀው በሐምሌ ወር መጨረሻ ስለ ነበር፣ ጌሙ ለገና ገበያ እንዲደርስ አንድ ፕሮግራመር በአምስት ሳምንት ገደማ ሠርቶ እንዲጨርስ ተደረገ። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ወራት ይፈልግ ነበር። ሚሊዮኖች «ኢ.ቲ.»ን ስለ ወደዱ ሚሊዮኖች ይገዙታል ተብሎ ካሴቱ በገፍ ተመረተ። ልጆቹ ግን ጌሙን አልወደዱትም። በ1983 ኩባንያው ያልተሸጡ ካሴቶችን በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ አላሞጎርዶ በተባለች ከተማ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበራቸው። በ2014 መሬቱ ሲቆፈር ካሴቶቹ ተገኝተዋል።

ሰዎች ፊልሙን የወደዱት በውስጡ ስላገኙት ነገር ነበር። ኩባንያው ግን የወሰደው ቁጥሩንና ስሙን ነው።

አሥር ዓመት የሚጠብቅ ሚዛን

የከሰሩትስ ምን ሆኑ? በ1980ዎቹ ቪዲዮ ካሴት በየቤቱ ገባ። በሲኒማ ቤት አንድ ሳምንት ብቻ ዕድል የሚሰጠው ፊልም፣ በመደርደሪያ ላይ ለዓመታት የሚቀመጥበት ቦታ አገኘ። «ብሌድ ራነር»ን አንዱ ለሌላው እያዋሰ ደጋግሞ የሚያየው ሰው በዛ። በ1992 የተራኪው ድምፅና የተጨመረው መጨረሻ የወጡለት ቅጂ በሲኒማ ቤት ታየ፤ በ2007 ደግሞ ስኮት ራሱ የመጨረሻውን ቅጂ አወጣ። ዛሬ የወደፊት ከተማ የሚያሳዩ ብዙ ፊልሞች የእርሱን ዝናብና መብራት ይዋሳሉ። «ዘ ቲንግ»ም በአስፈሪ ፊልሞች ታሪክ በክብር የሚጠራ ሥራ ሆኗል።

የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ 25 ፊልሞችን እየመረጠ እንዲጠበቁ በመዝገብ ያሰፍራል። መመዘኛው በባህል፣ በታሪክ ወይም በጥበብ ያላቸው ፋይዳ እንጂ ገቢያቸው አይደለም። አንድ ደንብም አለው፤ ፊልሙ ከወጣ ቢያንስ አሥር ዓመት ሊሞላው ይገባል። ምናልባት የመጀመሪያው ሳምንት ጩኸት እስኪበርድ መጠበቅ ይሻላል ብለው ይሆናል። «ብሌድ ራነር» በዚህ መዝገብ የሰፈረው በ1993 ነው። «ኢ.ቲ.»ስ? በ1994። የከሰረው ካሸነፈው አንድ ዓመት ቀድሞ ገባ።

«ሜጋፎርስ» ግን አልገባም። የሚያስታውሰው ቢኖር ለሳቅ ነው።

ስለዚህ ምን እንበል?

አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያው ሰው ያልተቀበለው ሥራ ሁሉ ትልቅ ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። «ሜጋፎርስ»ን አትርሱ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ገበያ ከሰሩት ሦስቱ አንዱ በእርግጥም ደካማ ነበር። ተመልካች ሲያንሰን «ሕዝቡ ስላልገባው ነው» ብሎ መኩራራትም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ሰው የወደደው ሁሉ ቀላል ነገር ነው» ትሉ ይሆናል። «ኢ.ቲ.»ን አትርሱ፤ ሕዝቡ የወደደው የሚወደድ ስለ ነበር ነው። ሂዱና እነዚህን ፊልሞች እዩ ማለቴም አይደለም፤ በተለይ «ዘ ቲንግ» ደም የበዛበትና ለሁሉም የማይሆን ፊልም ነው።

የምለው ይህን ነው። የትኬቱ ቁጥር አልዋሸም። በዚያ ሳምንት ስንት ሰው ትኬት እንደ ገዛ በትክክል ተናግሯል። ስሕተቱ «ምን ያህል ተሸጠ?» ለሚለው የተሰጠውን መልስ «ምን ያህል ይረባል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አድርገን ስንወስደው ነው። እኛም ይህን እናደርጋለን። የመዝሙር ቪዲዮን በተመልካች፣ ጉባኤን በወንበር ብዛት፣ ጓደኛችንን በተከታዮቹ ቁጥር እንመዝናለን። እኔም ያንን ወንድም በር ላይ አቁሜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ድራማውን ቁጭ ብዬ አየሁት፤ እስከዚያ ድረስ አላየሁትም ነበር። ስለ አያቱ ነው የጻፈው። ማየት ያቆሙ አያት የልጅ ልጃቸውን በእግሩ ኮቴ ሲለዩት ያሳያል። ድምፁ አንዳንድ ቦታ አይሰማም፤ መሐል ላይም ይረዝማል። ነገር ግን የአያትየውን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሄጄ ይህን ነገርሁት፤ የረዘመበትንም ቦታ ጭምር። «ጋሼ፣ እርስዎ 184ኛው ነዎት ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ደብተር ይዞ መጥቶ ነበር። ምን እየጻፈ እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ ብዙ አወራን።

ለኅብረት ውይይት

1. ከአሥር ዓመት በፊት ሁሉም ያወራለት የነበረና ዛሬ የተረሳ አንድ ሥራ ጥቀሱ። ያኔ ጥቂቶች ብቻ ያወቁትና ዛሬም አብሯችሁ ያለ ሥራስ አለ?

2. የጓደኛችሁን ሥራ አይታችሁ ወይም ሰምታችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ምንድር ነው?

3. አንድ ሥራ ተመልካች ሲያጣ፣ ደካማ ስለ ሆነ ወይስ ጊዜው ስላልደረሰ መሆኑን እንዴት ልንለይ እንችላለን? ማንስ በእውነት ሊነግረን ይችላል?