የዘር ጎተራ በዋግ ደጋ

የአንድ አገር ታሪክ በነገሥታቱ ዜናና በጦርነቱ ውሎ ብቻ አይጻፍም። ገበሬው በየዓመቱ ከአዝመራው መርጦ ለከርሞ የሚያስቀምጠው አንድ ቁና ዘርም፥ የሚያነበው ሰው ካገኘ፥ ታሪክ ነው። ነገሥታት የሠሩትን ዜና መዋዕል ይነግረናል፤ ሕዝቡ በምን ኖሮ ከክፉ ቀን እንደ ተረፈ ግን የሚነግረን ዘሩ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ሰቆጣና ስለ ዋግ ኽምራ ገበሬ፥ የእርሱ ቢጤዎች በሰሜኑ ደጋ ስላቆዩት የዘር ሀብት፥ እንዲሁም የእርሻ ሊቃውንት ከገበሬው ጋራ በአንድ ማሳ ቆመው ሲሠሩ ስለሚገኘው ፍሬ ጥቂት እንናገራለን።

ዋግ በታሪክ የታወቀ አገር ነው። ሕዝቡ ከጥንታዊው የአገው ነገድ የሚወለድ ሲሆን ኽምጣኛ የተባለውን የራሱን ቋንቋ እስከ ዛሬ ይናገራል። አገሩን ሲገዙ የኖሩት ዋግሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥራሉ፤ ከነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፥ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ሰቆጣም ከአፋር ምድር አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ደቡብ የሚወርዱ ነጋዴዎች የሚያርፉባት ታላቅ ገበያ ነበረች። በእንዲህ ያለ ገበያ ከጨዉና ከከብቱ ጋራ እህልም ይለወጣልና፥ የአንዱ ሸለቆ ዘር ወደ ሌላው ሸለቆ በዚሁ መንገድ ሳይሻገር እንዳልቀረ መገመት አያስቸግርም።

የምድሩ አቀማመጥ ለዚህ የዘር ብዛት ዋና ምክንያት ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከርሷ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን የወረደ መንገደኛ ወይና ደጋውን አልፎ ወደ ሞቃቱ የተከዜ ሸለቆ ይገባል። በደጋው ገብስ፥ ባቄላና ምስር፥ በወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ፥ በቆላው ማሽላ ይበቅላል፤ ቆላው እንደ ገና የአበርገሌ ፍየልና የዕጣን ዛፍ አገር ነው። ዝናቡ ግን አጭርና የማይታመን ነው። በሰኔ ማለቂያ ገብቶ ነሐሴ ሳያልቅ የሚወጣበት ዓመት ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ አገር አንድ ዓይነት ዘር ብቻ ይዞ መኖር ቤትን በአንድ ምሰሶ ላይ እንደ ማቆም ነው።

የሰሜኑ ደጋ ገበሬ ይህን ከማንም አስቀድሞ ዐውቆታል። ገብስ ሲባል ለእርሱ አንድ ነገር አይደለም፤ ጥቁሩ አለ፥ ነጩ አለ፤ ቶሎ የሚደርሰው አለ፥ ዘግይቶ ግን ብዙ የሚሰጠው አለ፤ ለበሶና ለቆሎ የሚመረጠው ለጠላ ከሚመረጠው ይለያል። ከትግራይ እስከ ወሎ ባለው ደጋ ብዙ ገበሬ ስንዴንና ገብስን ቀላቅሎ በአንድ ማሳ ይዘራል፤ ትግርኛ ተናጋሪዎች ይህን ቅልቅል ሀንፈጽ ይሉታል። ሥራውን የማያውቅ እንግዳ ይህን ባየ ጊዜ ገበሬው ዘሩን ማጥራት የሰነፈ ይመስለዋል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ ፈጥኖ ይደርስለታል፤ ዝናቡ ቢያምር ስንዴው ይበዛለታል፤ ተባይ ወይም በሽታ አንዱን ቢመታ ሌላው ይተርፋል። ስለዚህ ቅልቅሉ ቸልተኝነት ሳይሆን የታሰበበት ጥንቃቄ ነው። በዚህም ሥራ የሴቶች ድርሻ ከፍ ያለ ነው፤ እህሉን የሚያበጥሩት፥ የሚፈጩትና የሚጋግሩት እነርሱ ናቸውና፥ የትኛው ዘር ምን እንደሚያወጣ በእጃቸው ያውቁታል።

ይህን ሀብት የውጭው ዓለም ሊቃውንት ያስተዋሉት ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎንደርና በአክሱም በኩል በበቅሎ እየተጓዘ አሥመራ ደረሰ፤ በየመንገዱም የገብስ፥ የስንዴ፥ የጤፍና የሌላም እህል ዘር ሰበሰበ። ይኸው ሊቅ ኢትዮጵያን የሰው ልጅ ከሚመገባቸው እህሎች ለብዙዎቹ የልዩ ልዩ ዝርያ መገኛ ከሆኑት ጥቂት የዓለም ክፍሎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። እርሱ ይህን ሲጽፍ የመሰከረው ለተራራው ለምነት ብቻ አይደለም፤ ያን ሁሉ ዘር እየለየ ላቆየው ገበሬም ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ በሌላ አገር የሆነው ነገር ምስክርነቱን አጸናው። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ገብስን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ አዝመራውን በጎዳ ጊዜ፥ በሽታውን የሚቋቋመው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነበር። ስሙ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ የደጋ ገበሬ የጠበቀው ዘር ባሕር ተሻግሮ የባዕድ አገር ገበሬ አዝመራ አዳነ።

የቫቪሎቭ ፍጻሜ አሳዛኝ ነበር፤ በአገሩ መንግሥት ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1943 በወህኒ ቤት ሞተ። እርሱ በሌኒንግራድ ያቋቋመው የዘር ማከማቻ ግን በዚያው ዘመን የማይረሳ ታሪክ አስመዘገበ። ከተማይቱ ወደ 900 ቀን ለሚጠጋ ጊዜ በጀርመን ጦር ተከብባ ሕዝቡ በረኀብ ሲያልቅ፥ የማከማቻው ሠራተኞች በሩዝ፥ በስንዴና በገብስ ከረጢት መካከል እየተራቡ ዘሩን ሳይነኩ ብዙዎቹ ሞቱ። ዘሩ ለመጪው ትውልድ የተሰጣቸው አደራ ነውና አደራውን አልበሉም።

ውድ አንባቢያን፥ ይህ ታሪክ ለወሎና ለዋግ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን በሬውን ሁሉ በበሽታ ፈጅቶ ሕዝቡን በረኀብ ጨረሰ። በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፥ እንደ ገናም በ1977 ዓ.ም. የወሎ ክፍለ ሀገር፥ በዚያን ጊዜ ከአውራጃዎቹ አንዱ የነበረውን ዋግን ጨምሮ፥ ብርቱ ድርቅና ረኀብ አገኘው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገበሬው ከሁለት ሞት አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል፤ ዘሩን ቢበላ ዛሬን ይውላል፥ ነገር ግን ዝናብ ሲመጣ የሚዘራው የለውም፤ ዘሩን ቢያስቀምጥ ዝናቡን ሳያይ ይሞት ይሆናል። በአገራችን የድርቅ ዘመን ገበሬዎች ዘራቸውን በሸክላ ዕቃና በድንጋይ ሙቀጫ ከትተው፥ አፉን አሽገው፥ ከመሬት በታች ይቀብሩት እንደ ነበረ ሊቃውንት ጽፈዋል። ከሌኒንግራዱ የዘር ማከማቻና ከደጋው ገበሬ ጕድጓድ የትኛው እንደሚበልጥ ለመፍረድ የሚደፍር ማን ነው?

ሆኖም ጕድጓዱ ሁሉን ሊያተርፍ አልቻለም። ብዙው ዘር ተበላ፥ ተሸጠም። በርዳታ የመጣው የባዕድ አገር ዘርም፥ በቅን ልብ ቢሰጥም፥ የአገሩን ዝናብና አፈር የማያውቅ እየሆነ ነባሩን ዘር ከቦታው ማስለቀቅ ጀመረ። ይህን አደጋ አስቀድመው ካስተዋሉት መካከል ኢትዮጵያዊው የዘር ሊቅ ዶክተር መላኩ ወረደ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ተቋቁሞ ነበር፤ ዶክተር መላኩም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምረው ለ14 ዓመት ያህል መሩት። በድርቁ ዘመን የማዕከሉ ሠራተኞች ወደ ተጎዱት አውራጃዎች እየወጡ ሊጠፋ የተቃረበውን ዘር ሰበሰቡ፤ ተባዝቶ ለገበሬው የሚመለስበትንም መንገድ አበጁ።

የዶክተር መላኩ ታላቅ ሐሳብ ግን ከመሰብሰብ የሚያልፍ ነበር። ዘር በበረዶ ክፍል ብቻ ቢቀመጥ በተቀመጠበት ዕለት እንደ ነበረ ይቀራል፤ በማሳ የሚዘራው ዘር ግን ከድርቁ፥ ከተባዩና ከገበሬው ምርጫ ጋራ በየዓመቱ እየተለወጠ ይኖራል። ስለዚህ ዘር በሁለቱም ቦታ መጠበቅ አለበት አሉ። በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ በካናዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ርዳታ ገበሬና ሊቅ በአንድነት ከነባሩ ዘር ምርጥ ምርጡን እየለዩ የሚያባዙበት ሥራ ተጀመረ፤ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የዘር ጎተራዎችም ተሠሩ። ስለዚህም አገልግሎታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣቸው። ማዕከሉም ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ተብሎ ከ60,000 የሚበልጡ የዘር ናሙናዎችን ይጠብቃል።

ከእነዚህ ናሙናዎች አንዳንዶቹ ወደ ገበሬው ማሳ የተመለሱበትን አንድ ጉዳይ እናንሣ። ከዋግ ወደ ደቡብ ላስታን ተሻግሮ በመቄት ወረዳ ገረገራ የተባለ ቦታ አለ፤ ወደ ሰሜን ደግሞ በትግራይ ሀገረ ሰላም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 በእነዚህ በሁለቱ ቦታዎች 400 የስንዴ ዓይነቶች ተዘሩ፤ አብዛኞቹ ነባር የገበሬ ዝርያዎች ነበሩ። ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ፥ በኢጣልያ ከፒዛ ከተማና ባዮቨርሲቲ ኢንተርናሽናል ከተባለው ድርጅት የመጡ ተመራማሪዎች ቁመቱን፥ የዘለላውን ርዝመትና የፍሬውን ክብደት ለኩ። 60 ገበሬዎች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ከመደብ ወደ መደብ እየተዘዋወሩ ቶሎ መድረሱን፥ የዘለላውን መልክ፥ የቡቃያውን ብዛትና ጠቅላላ ጥራቱን በራሳቸው ዐይን ፈረዱ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የጥናቱ ውጤት እንዳሳየው፥ የገበሬዎቹ ፍርድ በዘፈቀደ የተሰጠ ሳይሆን በመለኪያ ከተገኘው ጋራ ሊዛመድ የሚችል ዕውቀት ነበር። ከነባሮቹ መካከልም ከተሻሻሉት ዝርያዎች የማያንሱ፥ አንዳንዶቹም የሚበልጡ ተገኙ። እንግዲህ የገበሬው ዐይን ራሱ አንድ የምርምር መሣሪያ መሆኑ በቍጥር ተረጋገጠ ማለት ነው።

ስለ ዘር የተናገርነው ስለ ተራራውም እውነት ነው። በደርግ ዘመን በወሎ ደጋ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠራ፥ ብዙ ተራራም ከከብትና ከምሳር ተከለለ። ሥራው ጠቃሚ ነበር፤ ነገር ግን ገበሬው ሳይመክርበት ከላይ በትእዛዝ የመጣ ስለ ሆነ የራሱ አልመሰለውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከተከለለው ደን ብዙው ተጨፈጨፈ፥ ከእርከኑም ብዙው ፈረሰ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት በኋላ ሥራውን አቃናው። የቀበሌው ሰው ራሱ ተሰብስቦ የትኛው ተራራ እንደሚከለል ሲወስን፥ ሣሩን አጭዶ ለከብቱ እንዲወስድ ደንብ ሲያወጣ፥ ቀፎውንም በክልሉ ውስጥ ሲሰቅል፥ ጠባቂው ዘበኛ ሳይሆን ጥቅሙ ይሆናል። ተራራው ሲያገግም አበባው ይመለሳል፥ ከአበባውም ጋራ ንቡ ይመጣል፤ የታወቀው የሰቆጣ ማርም ያለዚህ አይገኝም።

ይህ ሁሉ ሲባል ነባር ዘር ብቻውን ይበቃል ማለታችን አይደለም። ሕዝቡ በዝቷል፥ ማሳው ጠቧል፥ አፈሩም ታጥቧል፤ አባቶች ያላወቁት በሽታም ይመጣል። ለዚህ የሊቅ መሣሪያና ትምህርት ያስፈልጋል። በሰቆጣ የሚገኘው የዝናብ አጠር ግብርና ምርምር ማዕከልም የቆመው ለዚህ ነው። ጥያቄው ሊቅ ይምጣ ወይስ አይምጣ አይደለም፤ ሲመጣ ለማስተማር ብቻ ነው ወይስ ለመማርም ጭምር የሚለው ነው።

ጥያቄው ዛሬ የሕይወት ጥያቄ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የምግብ እጥረት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል የገባበት ሰነድ በሰቆጣ ስም ተሰይሟል። ከዚያ በኋላ ግን በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነት ወደ ዋግ ገብቶ ብዙ ሰው ከቀዬው አፈናቀለ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም ዝናብ ቀርቶ ሰሃላ፥ ዝቋላና አበርገሌ በድርቅ ተመቱ። ከቀዬው የተፈናቀለ ገበሬ ሲመለስ ቤቱን እንደ ገና ሊሠራ፥ በሬም ተበድሮ ሊያርስ ይችላል፤ የአባቱን ዘር ግን ጎረቤቱ ወይም ጎተራው ካላቆየለት ከማንም አይበደረውም።

ስለዚህ በየወረዳው የገበሬው የራሱ የሆነ የዘር ጎተራ መኖር፥ ከአዲስ አበባውም ማከማቻ ጋራ መገናኘት፥ ከክፉ ቀን አስቀድሞ መሠራት ያለበት ሥራ ነው። የርዳታ እህል ሲጫን አብሮ መጫን ያለበት ዘር የዚያው አገር ዘር መሆን ይገባዋል። የእርሻ ባለሙያም በማሳው ዳር ቆሞ ከመናገሩ በፊት፥ ገበሬው ገብሱን ከስንዴው ጋራ ለምን እንደ ቀላቀለ ይጠይቅ፤ መልሱ የብዙ ክፉ ዘመናት ትምህርት ነውና።