እንደራሴና ባልደረባ፦ የአለቃ ሸክም በኢትዮጵያ የአስተዳደር ታሪክ



እንድናገርበት የተጋበዝሁት ርእስ አለቃ የሆነ ሰው የራሱን ሥራ ሳያጓድል በሥሩ ያሉትን እንዴት ሊደግፍ ይችላል የሚል ነው። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ለሥራ አመራር ምሁራን ይተዋል። እኔ የታሪክ ሰው ነኝና ወደ ቤተ መንግሥታችን ወግ ልወስደው እወዳለሁ። የማቀርበውም አሳብ አንድ ነው፦ ሥራ ከነሥልጣኑ ሲሰጥ አለቃውም ይቀለዋል፣ ተቀባዩም ያድጋል፤ ሥራው ብቻ ተሰጥቶ ሥልጣኑ በአለቃው እጅ ሲቀር ግን ሁለቱም ይደክማሉ።

በመጀመሪያ የማዕረግ ስሞቻችንን ልብ ብለን እንመልከት። እንደራሴ ማለት በሿሚው ቦታ እንደ ሿሚው ራስ ሆኖ የሚሠራ ማለት ነው። አፈ ንጉሥ በንጉሡ አፍ ፍርድ የሚናገር ዳኛ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ቃል በጽሑፍ ያወጣል። ሊቀ መኳስ ደግሞ በጦር ሜዳ የንጉሡን ልብስ ለብሶ የጠላትን ዓይን ወደ ራሱ ይስባል። እነዚህን ስሞች ያወጡ ሰዎች አንድ እውነት ተቀብለው ነበር፤ ይኸውም አንድ ሰው ሁሉን ሊሰማ፣ ሁሉን ሊጽፍና በሁሉ ቦታ ሊገኝ እንደማይችል ነው።

ይህ እውነት ለአንባቢው ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበር። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ ይመክረዋል። ከምክሩ ውስጥ ብዙዎቻችን የምናልፈው ነጥብ አለ፤ የሚደክመው ሙሴ ብቻ አይደለም፣ ቆሞ የሚጠብቀውም ሕዝብ አብሮ ይደክማል። ዮቶር ያሳሰበው የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች ሥርዓት በወታደር ማዕረጋችን ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃና ዐሥር አለቃ ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል።

የጠባቂው ድካም በአገራችን የራሱ ስም አለው፤ ደጅ ጥናት ይባላል። ከሩቅ አውራጃ ስንቁን ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ነገሩ ለንጉሡ እስኪነገርለት ድረስ ብዙ ጊዜ ከግቢው በር ይቆይ ነበር። ስንቁ ያልቃል፣ እርሻው ያልፍበታል። የአንድ ሰው የሥራ ብዛት በሌላው ኑሮ ላይ የሚጥለውን ዋጋ ከዚህ ቃል አብልጦ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም። ለዚህም መፍትሔ ተብሎ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ ባልደረባ ነበር። ባልደረባ ለባለጉዳዩ ወይም ለእንግዳው ተመድቦ፣ መግቢያውን እያመቻቸ፣ ነገሩን ለንጉሡ እያቀረበ፣ መልሱን የሚያመጣለት ሰው ነው። ዛሬ አብሮን የሚሠራውን ሰው የሥራ ባልደረባ ስንለው ይህን ታሪክ ሳናውቀው እንጠራዋለን።

ከዚህ ወደ ዘመናዊው አስተዳደር መነሻ ልለፍ። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ የጽሕፈት፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራ ተሰጣቸው። እነዚህ ሹማምንት በአንድ ቀን የተፈጠሩ አልነበሩም። ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው ተማርከው የመጡ፣ በምኒልክ ቤት ያደጉና ደረጃ በደረጃ ኃላፊነት እየተጨመረላቸው የበሰሉ ሰው ነበሩ። ሥልጣን ማካፈሉ በ1900 ቢታወጅም ሰው ማሳደጉ ከብዙ ዓመት በፊት ተጀምሮ ነበር።

ሚኒስትሮቹ ሙሉ ሥልጣን ነበራቸው ለማለት አይቻልም። የግቢው ፉክክርም ብርቱ ነበር። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ተይዘው ከሥራ ከራቁ በኋላ እስከ ዕረፍታቸው፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ድረስ፣ መንግሥቱ አልፈረሰም። ሀብተ ጊዮርጊስም እስከ ሞታቸው እስከ 1919 ዓ.ም. በዚያው ሥራ ቆይተዋል። የአለቃን ሥራ ከምንመዝንባቸው መስፈርቶች አንዱ እርሱ በሌለበት ጊዜ ሥራው መቀጠሉ እንደሆነ ከዚህ እንማራለን።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሌላውን ገጽ ያሳየናል። በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣንና ተግባር የሚወስን ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። በወረቀት ላይ ክፍፍሉ የተጣራ ነበር። በተግባር ግን ሚኒስትሩ ትንሹንም ጉዳይ በቀጥታ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ይዞ መቅረብን ይመርጥ ነበር፤ ራሱ የወሰነ ሰው ይጠየቅበታል፣ ያስፈቀደ ሰው ግን አይጠየቅም። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ ብዙውን ጉዳይ በእጃቸው ሰብስበው ነበር። የሌሎች ሚኒስቴሮችንም ሥራ ደርበው የያዙበት ጊዜ አለ። ሸክሙ ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላ አንድ ትከሻ ተዛወረ እንጂ አልተከፋፈለም። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው እንዲያቀርቡ ተፈቀደ፤ የመጨረሻው ቃል ግን ከዙፋኑ አልወረደም። ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 1966፣ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በራሱ መወሰንን ያልለመደ የሹማምንት ትውልድ በችግር ቀን በራሱ መቆም አለመቻሉ ይመስለኛል።

ሥልጣን ቢሰጠው የሚያጠፋ ሰውስ ምን ይደረጋል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ነገሩ እውነት ነው፤ ያጠፋል። የጥንቱ ሥርዓት ለዚህ መልስ ነበረው። በአፈ ንጉሡ ፍርድ ያልረካ ወገን ይግባኝ ብሎ ወደ ንጉሡ ችሎት ይቀርብ ነበር። ስለዚህ ለአለቃው የሚቀርለት የራሱ ሥራ አለ፤ ይግባኝ መስማት፣ ሰው መምረጥና ማሳደግ፣ የሾመው ሰው በቅን ልብ ሲሳሳት በፊቱ ቆሞ ኃላፊነቱን መካፈል። ይህን ለሌላ ሊሰጥ አይገባውም። የቀረውን ግን ይዞ መቆየቱ ትጋት መስሎ ይታየው ይሆናል፤ በበሩ ለቆመው ሰው ደጅ ጥናት ነው።

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ነገ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ዳይሬክተሮችና ዲኖች ትሆናላችሁ። እኔም ኃላፊ በነበርሁባቸው ዓመታት ለእያንዳንዱ አዲስ መምህር አንድ ነባር መምህር እንመድብ ነበር፤ በቀልድ ባልደረባ እንለው ነበር። የኮርስ ዝግጅትና የፈተና ጉዳይ በእነርሱ ዘንድ ያልቅ ስለነበር ወደ እኔ የሚመጣው ቁጥሩ ጥቂት፣ ክብደቱ ግን ብዙ ነበር። የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ የሚከርም ከሆነ የሚያልፈው የዚያ ተማሪ ዓመት ነው። ኃላፊው ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ እንኳ ይህን ዓመት አይመልስለትም።

ስለዚህ በጠረጴዛችሁ ላይ የተከማቸውን ፋይል ስታዩ ስንት ሰዓት ይፈጅብኛል ከማለታችሁ በፊት በበሬ ማን ቆሟል፣ ከእኔ ይልቅ ይህን ሊወስን የሚገባው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። የሚገባው ሰው ገና ካልበሰለ እርሱን ማብሰል የዚያ ቀን ሥራችሁ ይሁን።