ከአቃቂ ሜዳ እስከ ሰንዳፋ፦ ስለ ሁለት ቀላል አውሮፕላኖች

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ የሚገኘውና ዛሬ ፋብሪካና መጋዘን፣ የጭነት መኪና ማቆሚያና መኖሪያ ቤት የሞላው የአቃቂ ሜዳ፣ ከጠላት ወረራ በፊት የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ለዚህ ሥራ መዋሉም አያስገርምም፤ መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ የጅቡቲው ባቡርም በዚያው ያልፋል። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ ይህንኑ ማረፊያ በመትረየስ ደበደቡ። ይህ ከመሆኑ ሦስት ወር ያህል አስቀድሞ ግን በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ እዚሁ አገር የተሠራች አንዲት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ታይታ ነበር። የመዝገብ ስሟ «ኢትዮጵያ 1» ሲሆን፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተብላለች።

ሰማንያ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በሰኔ 2007 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሰንዳፋ ሌላ የእጅ ሥራ አውሮፕላን ለመብረር ሞክሮ ሳይነሣ ቀረ። ይኸኛው «ኬ-570ኤ» ይባላል። ሠሪው አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በትምህርታቸው የጤና ባለሙያ ናቸው፤ የአውሮፕላን ሥራን የተማሩት ከመጻሕፍትና በኢንተርኔት ከሚታዩ ፊልሞች ነው። «ኬ» የእናታቸው ስም መነሻ ፊደል ሲሆን፣ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን ቍጥር ነው።

ሁለቱን አውሮፕላኖች አስተያይቶ አንደኛዋ ስለ በረረች ሠሪዋ ዐዋቂ፣ ሁለተኛው ስላልተነሣ ሠሪው ተላላ ነበሩ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እንዲህ ያለው ፍርድ ግን ከመሐንዲስ አይጠበቅም። መጀመሪያ መታየት ያለበት እያንዳንዳቸው ምን ይዘው እንደ ተነሡ ነው።

የፀሐይን ሥራ የመሩት ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላኖች በመጠገንና በማብረር የኖሩ ሰው ነበሩ። ንድፉንም ከባዶ አልጀመሩትም፤ መሠረቱ የኦስትሪያዊው የኤሪክ ማይንድል ሥራ ነው። ሞተሩ ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያ ዋልተር ፋብሪካ ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራ፣ «ቬኑስ» የተባለ፣ ሰባት ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበር። የአቶ አስመላሽ ሞተር ግን አዲስ አበባ ሁሉ የሚያውቀው የፎልክስዋገን ሞተር ነው፤ ጉልበቱም 40 ገደማ። ምርጫው የእብደት አልነበረም። የፎልክስ ሞተር እንደ አብዛኛው የትናንሽ አውሮፕላን ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርና ውሃ አይሸከምም፤ ከሌላው የመኪና ሞተር ሲነጻጸርም ቀላል ነው። በአውሮፓ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተነደፈውና ብዙ ሰዎች በየቤታቸው የሠሩት «ቱርቡላን» የተባለው ትንሽ አውሮፕላን የበረረው በዚሁ ሞተር ነው። ነገር ግን ቱርቡላን አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ እጅግ ቀላል የእንጨት ሥራ ነበር፤ የሚበረውም በአመዛኙ ከባሕር ጠለል ብዙ ባልራቀ አገር ነው።

የነገሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። ሰንዳፋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው፤ ቀኑ ሲሞቅም የባሰ ይሳሳል። አየር በግፊት የሚጨምርለት መሣሪያ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ 40 የተባለው የፈረስ ጉልበት ሰንዳፋ ሲደርስ 30 ሆነ ማለት ነው። ጣጣው በዚህ አያበቃም። ክንፉም በሳሳ አየር ያንኑ ክብደት ለማንሣት 13 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ያንሰዋል። በጉልበት ያነሰው አውሮፕላን በፍጥነት እንዲበልጥ ይገደዳል፤ ለዚያም ረዥምና ልሙጥ ማኮብኮቢያ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ የመኪና ሞተር ጉልበቱን የሚሰጠው በፍጥነት ሲዞር ስለ ሆነ፣ በቀጥታ የሚታሰርበት ፕሮፔለር አጭር መሆን ይኖርበታል፤ አጭር ፕሮፔለር ደግሞ በዝግታ ለሚሄድ አውሮፕላን ደካማ ነው። የዚያን ዕለቱ እንከን ምንም ይሁን ምን፣ ሒሳቡ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ጠባብ ነበር።

ፀሐይም ከዚህ ሕግ አላመለጠችም። 115ቱ የፈረስ ጉልበት በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 87 ገደማ ይወርዳል። የቀረው ግን ፎልክሱ በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው እንኳ ከእጥፍ ይበልጣል። ቬበር ደጋውን አላሸነፉትም፤ የሚወስደውን ከፍለውት የሚተርፍ ሞተር ነበራቸው እንጂ። ስለ ኬ-570ኤ በጋዜጣ የተጻፈው ግን አብዛኛው ስለ 570ው ቀን እንጂ ስለ ሩቡ ጉልበት አልነበረም።

ፀሐይ በምትሠራበት ዘመን በፈረንሳይ ሄንሪ ሚንዬ የተባለ ሰው ማንም በቤቱ ሊሠራው ይችላል ያለውን የትንሽ አውሮፕላን ንድፍ በመጽሐፍ አሳትሞ፣ በአውሮፓ ብዙ ሰው መጋዝ አንሥቶ ነበር። አደጋ ሲደጋገም የፈረንሳይና የእንግሊዝ ባለሙያዎች አውሮፕላኑን በነፋስ ዋሻ ውስጥ መረመሩት። ቍልቍል ካዘቀዘቀ መመለስ እንደሚሳነው የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሠሪዎቹ በጥረት ያላገኙትን እንከን መለኪያ አገኘው።

«በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚለውም አነጋገር ቢሆን ማብራሪያ ያሻዋል። በአሜሪካ ደንብ አንድ አውሮፕላን «የአማተር ሥራ» ተብሎ የሚመዘገበው ክፍሎቹ ተዘጋጅተው የተገዙ ቢሆኑም እንኳ ከሥራው የሚበልጠውን እጅ ባለቤቱ ራሱ ሲሠራው ነው። በዚህ ሚዛን ንድፉ የኦስትሪያ፣ ሞተሩ የቼኮዝሎቫኪያ፣ መሪው የጀርመን መሆኑ ፀሐይን ከኢትዮጵያዊነት አያወጣትም፤ የሚጠየቀው የሠራው እጅ ነውና። ነገር ግን በየጽሑፉ የሚጠቀሰው የቬበር ስም ነው፤ ከእርሳቸው ጋር የደከሙት በጅምላ «ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች» ተብለው ይታለፋሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ በመጡ ክፍሎች «እሸት» የተባለውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን በአዲስ አበባ ሲገጣጥም፣ ሥራው በሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን መካኒኮች እጅ ነበር።

ፀሐይን ወራሪው ወደ ኢጣልያ ወሰዳት፤ ለብዙ ዓመታትም በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የኢጣልያ አየር ኃይል ሙዚየም ለጎብኝ ስትታይ ኖረች። ታድሳ ለኢትዮጵያ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ለደጋው አየር የበቃው የቬኑስ ሞተር ከፎልክሱ ጎን ለጎን ቆሞ ቢታይ፣ የአንዱ ሰባት ሲሊንደርና የሌላው አራት ከዚህ ሁሉ ሒሳብ በተሻለ ለተማሪ ያስረዱ ነበር።