ጭማቂ እንጂ ንጥር አይደለም

በጅቡቲ ከተማ «ኤክስትሬ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው የልደት ማስረጃ ነው። የባዮሎጂ ተመራማሪዎች ከእንቁራሪት እንቁላል አውጥተው መድኃኒት የሚፈትሹበትን ፈሳሽ በዚሁ የፈረንሳይኛ ስም ብንጠራው፣ የከተማዋ አማርኛ ተናጋሪ ማዘጋጃ ቤት የሚያስኬድ ጉዳይ ይመስለዋል። የራሱ የአማርኛ ስም ያስፈልገዋል። አንዳንዱ ሰው «ንጥር» ሊል ይችላል፤ ቃሉ ያምራል፣ ንጥር ቅቤንም ያስታውሳል። እኔ ግን «የእንቁራሪት እንቁላል ጭማቂ» እንበለው ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ከአሠራሩ ይነሳል።

ለዚህ ሥራ በብዛት የምታገለግለው መነሻዋ ደቡባዊ አፍሪካ የሆነችው፣ በሳይንስ ስሟ ዜኖፐስ ሌቪስ የምትባለው ባለጥፍር እንቁራሪት ናት። ሆርሞን ስትወጋ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች፤ የእያንዳንዱ ስፋት ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንቁላሎቹ በቱቦ ውስጥ ይጠቀጠቃሉ፣ በመካከላቸው ያለው ውሃ ይወገዳል፣ ከዚያ በፍጥነት የሚሽከረከረው ሴንትሪፉጅ ይጨፈልቃቸዋል። አስኳሉ ከታች ይዘቅጣል፣ ስቡ ከላይ ይሰፍፋል፣ የመካከሉ ፈሳሽ በመርፌ ይሳባል። ውሃ ስላልበረዘው የሕዋሱ ፕሮቲኖች በነበሩበት መጠን ተቀራርበው ይገኛሉ። ሕዋሱ ፈርሷል፤ ሥራው ግን አልቆመም። አንድሩ መሪና ማርክ ኪርሽነር እ.ኤ.አ. በ1989 ይኸው ጭማቂ በቱቦ ውስጥ ሆኖ የሕዋስ ክፍፍልን ዑደት ደጋግሞ እንደሚያካሂድ አሳይተዋል። ማንጠር ሌላውን ጥሎ አንዱን ማስቀረት ነው። የዚህ ፈሳሽ ጥቅም ደግሞ ብዙው ነገር አብሮ መቅረቱ ነው፤ «ንጥር» ብንለው ዋናውን ባሕርዩን እንክደዋለን።

መድኃኒት ፍለጋው ይህን በደንብ ያሳያል። ሕዋስ ከውጭ የሚደርሰውን ትእዛዝ የሚያስፈጽመው በቅብብሎሽ ነው። ጅቡቲ ወደብ የደረሰ ዕቃ ከትራንዚተር ወደ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ወደ ሾፌር፣ በጋላፊ አልፎ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪገባ ስንት እጅ እንደሚነካው የከተማዋ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ቢያጓድል ሁሉም ይቆማል። «ውንት» የሚባለው የሕዋስ መልእክት መስመርም እንዲሁ ብዙ ፕሮቲኖች የሚቀባበሉት ነው፤ ሲበላሽ የትልቁ አንጀት ካንሰርን ከሚያስነሱት ነገሮች አንዱ ይሆናል። በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የኢታን ሊ ቡድን ከመስመሩ ሁለት ፕሮቲኖች፣ ቤታ ካቴኒንና አክሲን ላይ ብርሃን የሚሰጡ ሁለት የተለያዩ ኤንዛይሞችን አያይዞ ጭማቂው ውስጥ ጨመራቸው፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ብርሃን የሚያደበዝዝ፣ ሁለተኛውን የሚያጎላ ኬሚካል ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረገው ፒርቪኒየም የቆየ የአንጀት ትል መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ፕሮቲን ብቻ ተነጥሮ ቢቀመጥ ኖሮ ቅብብሎሹ ስለማይኖር ይህ ፈተና ባልተሠራ ነበር።

«እንቁራሪት ሰው አይደለችም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የዚህ መስመር ዋና ዋና ፕሮቲኖች ግን በሁለቱም እጅግ ይመሳሰላሉ፣ የተገኘውም ኬሚካል በሰው ሕዋሳት ላይ ዳግም ይፈተሻል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ፣ ሁሉም ነገር በተደባለቀበት ፈሳሽ ውስጥ መድኃኒቱ የትኛውን ፕሮቲን እንደነካ መለየት ያስቸግራል የሚለው ነው። የሊ ቡድን ፒርቪኒየም ሲኬ1 አልፋ የተባለውን ኤንዛይም ያነቃቃል ሲል፣ ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 አያነቃቃም ብለው ሞግተዋል። በተጨማሪ ጭማቂው የሕዋስ ሽፋን የለውም፤ በሩ የተነሣለት ግቢ ስለሆነ መድኃኒቱ ወደ እውነተኛ ሕዋስ ይገባ እንደሆነ አይነግረንም። እነዚህ ድክመቶች የመሣሪያው ናቸው፤ ስሙን ግን ይበልጥ ያጸኑታል። «ንጥር» የሚለው ቃል ድብልቅነቱን ይሸፍናል፣ «ጭማቂ» አይሸፍንም።

በ«ጭማቂ» ላይ የምቀበለው አንድ ቅሬታ አለ፦ አንባቢው እንደ ማንጎ የሚጠጣ፣ ወይም እንደ ቅጠል ጭማቂ ራሱ መድኃኒት የሆነ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ቃሉ መጀመሪያ ሲጠቀስ «መፈተኛ» የሚል ቅጽል ይቅደመው፤ ሲለመድ ቅጽሉ ይቀራል። ስም ለማውጣት የምንቸገረው ለሩቅ አገር ነገር ብቻም አይደለም። ከጅቡቲ የሚነሳው ባቡር በሚያመራበት ደጋ የዚችው እንቁራሪት ዘመዶች ይኖራሉ፦ ዜኖፐስ ክሊቪ በኢትዮጵያና በኤርትራ ትገኛለች፣ ዜኖፐስ ላርጀኒ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትታወቅም።