ከውጫሌ እስከ ውርጌሳ፦ የሩቅ ሥራና የማኅተሙ ታሪክ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ውጫሌና ውርጌሳ ጎረቤታሞች ናቸው። በውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በኢጣሊያው መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል ጠብ ያስነሣው በመገናኛ ጉዳይ ነበር። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ እንዲችሉ ሲፈቅድ፣ የኢጣሊያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ጠቡም ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት ሆነ። ከዚህም ሁለት ጥያቄዎች ተወረሱ፤ የተላከውና የደረሰው ቃል አንድ ነውን? በመካከል የቆመውስ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 አዲስ አበባን ከአሥመራ የሚያገናኝ የቴሌግራፍ መሥመር ተዘረጋ። ቴሌግራፍ ግን የሚያደርሰው ቃልን ብቻ ነበር፤ ሥራውን ራሱን ከሩቅ ለመሥራት ያስቻለው ኮምፒዩተር ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1961 ብዙ ሰዎች አንድን ኮምፒዩተር በየተርሚናላቸው ሆነው የሚጋሩበት ዘዴ ታየ። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ1998 የዊንዶውስን ገጽ በመሥመር የሚያደርስ የተርሚናል ሰርቨር አወጣ።

ቲን ክላየንት የተባለው ትንሽ መሣሪያ የዚህ ዘዴ ወራሽ ነው። የተጠቃሚውን የቁልፍ ምት ወደ ሰርቨሩ ይልካል፤ የስክሪኑን ምስል ይቀበላል። መዝገቡ በሰርቨሩ ስለሚቀመጥ፣ መሣሪያው ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ መዝገቡ አይጠፋም። ይሁን እንጂ የማይክሮሶፍቱ ዘዴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰርቨሩን ማንነት በሰርቲፊኬት አያረጋግጥም ነበርና፣ በመካከል የገባ ሰው ራሱን ሰርቨር አስመስሎ የይለፍ ቃል ሊሰርቅ ይችል ነበር። ማረጋገጫው የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

ሰርቲፊኬት የዘመኑ ማኅተም ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1978 ሎረን ኮንፌልደር በመመረቂያ ጽሑፉ አቀረበ፤ ኤክስ 509 የተባለው ደረጃም በ1988 ወጣ። በምዝገባው ጊዜ መሣሪያው ሁለት ቁልፎች ያዘጋጃል፤ የምስጢሩን በራሱ ይዞ፣ ይፋውን ከማመልከቻ ጋር ለሰርቲፊኬት ሰጪው ባለሥልጣን ይልካል። ባለሥልጣኑም አመልካቹን አጣርቶ ይፈርምበታል። አስቸጋሪው የመጀመሪያው ምዝገባ ነው፤ ማኅተም የሌለው መሣሪያ ማንነቱን በምን ያስረዳል? ስለዚህ ባለሙያው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የይለፍ ቃል ይሰጠዋል። በአገራችንም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለሰርቲፊኬት ሰጪዎች ሕጋዊ መሠረት ጥሏል።

ማኅተሙ ግን ዕድሜ አለው፤ የሚታደሰውም በዚያው መሥመር ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን በያዘ ጊዜ መገናኛው ለወራት ተቋርጦ ነበር። ውርጌሳን በመሰለች ከተማ ያለ ቲን ክላየንት በእንዲህ ያለ ጊዜ መሥራት ያቆማል፤ ሰርቲፊኬቱም በመቋረጡ መካከል ካበቃ፣ መሥመሩ ሲመለስ እንኳ ሰርቨሩ ላይቀበለው ይችላል። የመሣሪያው ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረም ትክክለኛው ሰርቲፊኬት ጊዜው ያልደረሰ ይመስላል።

እንግዲህ መሐንዲሱ የሰርቲፊኬቱን ዕድሜ ሲወስን ሊደርስ የሚችለውን የመቋረጥ ዘመን ማስላት፣ ጊዜው ሳይደርስ እንዲታደስ ማድረግ፣ ባለሙያ በአካል ሄዶ ዳግም የሚመዘግብበትንም ሥርዓት አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባዋል። የውጫሌ ውል ማኅተም ብቻውን እንደማይበቃ አስተምሯል፤ የውርጌሳ መንገድ ደግሞ ማኅተሙን የሚያድስ መሥመር ሊቋረጥ እንደሚችል ያሳስባል።