«ሂ ጎ» የሚለው ልጅ ሰነፍ አይደለም

እንጅባራ ላይ ቤቱ አዊኛ የሚነገርበት ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የሦስት ቋንቋ ግሥ ይጠብቀዋል። ከእናቱ ጋር በአዊኛ ያወራል፣ ገበያ ወጥቶ አማርኛ ይሰማል፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ደግሞ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ተጽፎ ያገኛል።

ነገሩ እዚህ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት ከውጭ ቋንቋዎች ጎልቶ የወጣው ፈረንሳይኛ ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ የእንግሊዝ ተጽዕኖ በረታና ቦታውን እንግሊዝኛ ወሰደ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ አማርኛ ሆነ፤ ሁለተኛ ደረጃ ግን በእንግሊዝኛ ቀጠለ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አመጣ፦ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አደረገ። በፊደል የተጻፈው አዊኛም ወደ ክፍል ገባ።

መንግሥታትና ፖሊሲዎች ሲለዋወጡ አንድ ነገር ግን አልተነቃነቀም፤ በዜማ ማስጠናት። መነሻው የየኔታ ደጅ ነው። «ሀ ሁ ሂ» በዜማ ይያዛል፣ ምክንያቱም ፊደሉና ድምፁ አንድ ናቸው፤ ያወቀው ልጅ ያነባል። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ግን እንዲያ አይደለም። ልጁ ዜማውን ሳይሳሳት ይወጣዋል፤ «ወንድምህ ትናንት የት ሄደ?» ሲባል ግን ዝም ይላል።

ምክንያቱ ከቋንቋዎቹ አሠራር ይጀምራል። በአማርኛ «ሄድኩ፣ ሄድሽ፣ ሄዱ» ስንል አድራጊው ግሡ ውስጥ አለ። አዊኛም እንደዚሁ ነው፤ ግሡ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል፣ ማን እንዳደረገውም ይናገራል። እንግሊዝኛ አድራጊውን አውጥቶ ከፊት ያቆመዋል። «ዌንት» ለእኔም፣ ለእሷም፣ ለእነሱም ያው «ዌንት» ነው። በአሁን ጊዜ ደግሞ ለ«እሱ» እና ለ«እሷ» ብቻ አንዲት «ዝ» ትጨመራለች። ግሡ ሁሉን ሲናገር የለመደ ልጅ ያቺን ድምፅ ቢዘላት ምን ይገርማል? መምህሩ ግን ስህተቱን ስንፍና ይለዋል።

ጉዳዩ የአንዲት ድምፅ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለውጤቱ እንግሊዝኛን ብቻ መክሰስ አይቻልም፤ ነገር ግን የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄውን ያላነበበ ልጅ መልሱን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?

መፍትሔው ልጁ ከሚያውቀው መጀመር ነው። መምህሩ መጀመሪያ «ትናንት ሄደ» የሚለውን በአዊኛ ያስብለው፣ አድራጊው የት እንደተደበቀ ያሳየው፣ ከዚያ እንግሊዝኛው የት እንዳስቀመጠው ያስተያየው። ለዚህ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያስተያይ መምህር ያስፈልጋል። የመምህራን ኮሌጅ ደግሞ እዚያው እንጅባራ አለ።