የሐር ክር እንደ ማጣበቂያ

የሐር ትል ኮኩን የተባለውን መጠለያውን ሲሠራ ሁለት ዓይነት ፕሮቲን በአንድነት ያወጣል። አንደኛው ጠንካራው ክር ፋይብሮይን ነው፤ ሁለተኛው ክሩን ከክር ጋር የሚያያይዘውና ከኮኩኑ ክብደት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ሙጫ፣ ሴሪሲን ነው። የሐር ሥራ በቻይና ከተጀመረበት ጥንታዊ ዘመን አንሥቶ ባለሙያዎች ኮኩኑን በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፉና እየቀቀሉ ሙጫውን ሲደፉ፣ ክሩን ሲያስቀሩ ኖረዋል። የዘመናችን ተመራማሪዎች ግን ማጣበቂያ ፍለጋ ወደ ክሩ ፊታቸውን አዙረዋል። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱ በፕሮቲን ማጣበቂያዎች ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ሴሪሲን በሙቅ ውሃ መሟሟቱ ለሐር ፈታዩ በረከት ነው፤ ለመሐንዲሱ ግን ጉድለት ነው። ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚሠራው ኮላም ሆነ ከወተት የሚገኘው ካዜይን ከዚሁ ጉድለት ነፃ አልነበሩም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንጨት የተሠሩ አውሮፕላኖች በካዜይን ይጣበቁ ነበር። በሁለተኛው ጦርነት እንግሊዞች የሠሩት ሞስኪቶ አውሮፕላንም በመጀመሪያ በካዜይን ከተጣበቀ በኋላ፣ ካዜይን እርጥበትን ስለማይችል በዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ተተካ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሹ ማጣበቂያ የእንጨት ኢንዱስትሪውን ያዘ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ማጣበቂያዎች የሚተነውን ፎርማልዴሃይድ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር አምጪ ሲል መደበው።

የውሃው እንቆቅልሽ መፍቻ የተገኘው ከባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ኸርበርት ዌይትና ማርቪን ታንዘር፣ ሙሰል የተባለው ዛጎል ለበስ እንስሳ በማዕበል መካከል ከዓለት ጋር የሚጣበቅበት ፕሮቲን ዶፓ የተባለ አሚኖ አሲድ እንደያዘ አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የታፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፋይብሮይንን ከዶፓ የቅርብ ዘመድ ከፖሊዶፓሚንና ከብረት ክሎራይድ ጋር አዋሕደው፣ በውሃ ውስጥ እስከ 2.4 ሜጋፓስካል የሚደርስ የመንሸራተት ኃይልን የሚቋቋም ማጣበቂያ አገኙ። ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 2.4 ኒውተን ማለት ነው። ፖሊዶፓሚን ገጽን ይይዛል፤ ፋይብሮይን ደግሞ ለማጣበቂያው የውስጥ ጥንካሬ ይሰጣል።

ከቤተ ሙከራ ውጤት እስከ ፋብሪካ ምርት ያለው መንገድ ረጅም መሆኑን ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ሆኖም ታሪኩ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። የቀድሞዎቹ የፕሮቲን ማጣበቂያዎች የተሸነፉት በውሃ ነበር፤ ሰው ሠራሹም ውሃን ሲያሸንፍ ሌላ ዕዳ ይዞ መጣ። አንድን ማቴሪያል ከመጣል በፊት የወደቀበትን ምክንያት ለይቶ ማወቅ የመሐንዲስ ተግባር ነው፤ ምክንያቱ ሲወገድ የተጣለው ተመልሶ ሊነሣ ይችላልና።